የወይዘሮ ማስመሪያ አራተኛ ገጽ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ማስመሪያ» የሚሏቸው ውድ እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው በሞት ሲለዩ ገና አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረውን ወንድማቸውን አጥበውና አብልተው፣ ፊደል አስቆጥረው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ይህን ጽሑፍ የጻፈው ያ ወንድም ነው።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. በአንድ የእፅዋት በሽታ ቤተ ሙከራ በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ሰብል የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን በመስታወት ሳህን ላይ ማሳደግ፣ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በተለያየ መጠን መጨመርና ፈንገሱ በየቀኑ ስንት ሚሊሜትር እንደሰፋ መለካት ነበር። ማስመሪያቸው ከጋዋናቸው ኪስ አትጠፋም። በ1974 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ ልጆቹ «የኔ ዳቦ አነሰ» ብለው ሲጣሉም እናታቸው እሷኑ ማስመሪያ መዘዝ አድርገው ይለኩላቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. አንድ አዲስ የሽንኩርት መድኃኒት መርምረው ውጤቱን በአራት ገጽ ጻፉ። ሦስቱ ገጾች መድኃኒቱ የፈንገሱን እድገት በግማሽ እንደቀነሰ ይናገራሉ። አራተኛው ግን መድኃኒቱ ሲቀጥን የፈንገሱ እድገት ቢቀንስም፣ ሽንኩርቱን የሚያሟሟውን ኢንዛይም ከበፊቱ አብዝቶ እንደሚያመነጭ ያስጠነቅቃል። የክፍሉ ኃላፊ ሥራው እንዳይጓተትበት አራተኛውን ገጽ አውጥቶ ሦስቱን ላከ። ኃላፊው ይኸው ወንድማቸው ነበር። ገበሬዎች መድኃኒቱን አቅጥነው ረጩ፤ የዓመት ድካማቸው በየመጋዘኑ በስብሶ ውሃ ሆነ። አጣሪዎች ሲመጡ ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «የለኩት እርሳቸው ናቸው» አለ።

እርሳቸውም ጥፋቱን ተሸክመው ወደ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ሳህን አጠቡ። ወንድማቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ክፍል ወርዷል። እጃቸውን ከአረፋው ሳያወጡ፣ «ምሳ በላህ?» ይሉታል። በልቻለሁ ብሎ ይመለሳል። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸውም «ተሳስቼ ነው» ብለው ነበር የነገሯቸው። ልጆቹም ይህንኑ አምነው፣ የእናታቸው ሥራ በተነሳ ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው አደጉ።

እህታችን ባለፈው ዓመት በያዛቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድማቸው ራሱን ከሐዘንተኞቹ ጋር ለመቁጠር ያፍራል። አራተኛውን ገጽ ሃያ ስድስት ዓመት መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ኖሯል፤ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ታትሟል።

ፈጣሪ የደከሙ እጆቻቸውን ያሳርፍ፣ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ልጆች፣ እናታችሁ አልተሳሳቱም። የዋሸው አጎታችሁ ነው።