ለጋሼ ሸምሱ ያካፈልኩት እንክብል

ሰኞ
የጋሼ ሸምሱ ድድ እየደማ ነው። ጠዋት ቁርስ ሊበላ ሲመጣ መሐረቡ ቀይ ነበር። "መፋቂያው ጎድቶኝ ነው" አለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሲዋሽ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሙኒራ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል አመጣችልኝ። ለደም ሥር ጥሩ ነው፣ በአንቺ ዕድሜ ያስፈልጋል አለች። ልጅ ያመጣውን ብቻዬን መዋጥ አልሆነልኝም። ግማሹን በፌስታል ቋጥሬ ለጋሼ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ ለልቡ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። እያወቅኩ! ሽንኩርት ምን ያደርጋል ብዬ።

ማክሰኞ
ክንዱ ሦስት ቦታ በልዟል። ምንም አልመታኝም ይላል። እንክብሉን ተወው ስለው ተቆጣ፤ የልጅ ስጦታ እንዴት ይጣላል አለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ቀጠሮዬ ሳምንት ነው አለ። ግትር! እኔስ ብሆን? ሙኒራ ስትደውል ስለ ቡታጅራ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። ፌስታሉን ግን ከቤቱ ይዤ መጣሁ።

ረቡዕ
ከሱብሂ ሶላት በኋላ አፍንጫው ነሰረ። አልቆም አለ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል በረርን፣ ነጠላዬ በደም ራሰ።

ሐኪሟ "አባባ፣ ከዚህ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት አለ?" ብላ ጠየቀችው። "የለም" አለ። አየኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ደም ሊቀዱት ሲወስዱት ውጭ ተቀመጥኩ። እሱ የሙኒራን ስም ላለማንሳት ነው የደበቀው። እኔ ለራሴ ብዬ ነው። አፈርኩ። ተመልሼ ገባሁና ፌስታሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ "እኔ ነኝ የሰጠሁት" አልኩ። ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ደሙ ከልክ በላይ ቀጥኗል፣ ይሄም ሳያባብሰው አልቀረም፣ እንኳን ነገሩኝ፣ እማማ አለች። አስተኙት። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሐሙስ
ነስሩ ቆሟል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገ ደሙን ደግመው ያያሉ። እስከዚያ ልቤ አያርፍም።

ለሙኒራ ነገርኳት። አለቀሰች። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ "ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? እናትሽ ናት ሐኪም ሳትሆን መድኃኒት ያደለችው" አላት። እኔን አላናገረኝም።

ምሳ ቆጮ በአይብ ወሰድኩለት። መብላት ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

አብሬው በላሁ።