በምራቂ የሚሰጥ ፊልም

ሰኞ

ዛሬም ማንም አልጠየቀውም። ሰባት ሰው ፍላሽ አምጥቶ ፊልም አስጭኗል። ስድስቱ ተከታታይ ድራማ፣ አንዱ ድብድብ። እኔ ግን ለሰባቱም «ባለ መጋረጃው ፀጉር ቤት»ን መረቅሁላቸው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ያለ ምራቂ ደንበኛ ሸኝቶ አያውቅም። እሱ ስኳር ጣል ያደርግ ነበር፤ እኔ ፊልም።

የፊልሙ ሰዎች ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ተጣልተው ፀጉር ቤታቸውን በመጋረጃ ከፍለውታል። ዐሥር ዓመት አይነጋገሩም። መቀስ እንኳ የሚዋዋሱት በደንበኛ በኩል ነው! በመጨረሻ ታናሽየው መጋረጃውን ይጨብጥና ያበቃል። መኪና አይገለበጥ፣ ሰው አይጮኽ። እዚሁ ወለጋ ተሠርቶ፣ ሲኒማ ቤት ሳምንት ታይቶ ወረደ አሉ። ሰዉን ምን ነካው? እናቴን የቀበርኩ ሰሞን እሱን እያየሁ ነው ያደርኩት። ውለታ አለብኝ።

ማክሰኞ

ድል! አዴ ብርቂ፣ ከቢላ ከተማ የምትመጣው ቅቤ ነጋዴ፣ መጣች። ባለፈው ወር ለልጆቿ ካርቱን ስታስጭን መርቄላት ነበር። ገና ከደጅ፣ «ዘይቱና፣ አከም ጅርታ? ደኅና ነሽ? ያ ሰውዬ መጋረጃውን ከፈተው ወይስ ተወው?»

እኔም አላውቅም አልኳት።

«እኔ እኮ እንቅልፍ አጣሁ። አራት ዓመት ያኮረፍኳትን እህቴን እሑድ ዕለት ደወልኩላት።»

ሁለት ካርቱን መረቅሁላት።

ረቡዕ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የፊልሙ ባለቤት መጡ። ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ባርሲሳ ዲንቃ፣ መምህር ዲንቃ፣ ይላቸዋል። ፊልሙን የእህታቸው ልጅ ስልክ ላይ አይተውት ነው። ሳላስፈቅዳቸው እንደማድል አላጣሁትም። አጥፊው ቢሉኝስ ብዬ ሆን ብዬ ነው ያልፈለግኋቸው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

«በምራቂ ነው የምትሰጪው?» አሉኝ። «ቲማቲም ነው እንዴ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍላሾች መደርደር ጀመርኩ።

«መጨረሻውስ የት ሄደ?»

የምን መጨረሻ? ለካ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይጎድለዋል። ስገለብጠው መብራት የጠፋ ዕለት ተቆርጦ ቀርቶ! ለከተማው ሁሉ ጎዶሎ ፊልም ስመርቅ ከርሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገ እመጣለሁ ብለው ወጡ።

ሐሙስ

ጠዋቱን ሙሉ ስፈራ ያረፈድኩት፦ ይከሱኛል። ይሰድቡኛል። ከሁሉ የባሰው፣ ፊልሙን ያስጠፉኛል።

ሙሉውን ፊልም በሲዲ ይዘው መጡ። ግን አልሰጡኝም፤ በእጃቸው ያገላብጡታል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቀጥዬም የአዴ ብርቂን ነገር ነገርኳቸው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ። ከዚያ ተቀመጡ።

«እንግዲያው መጨረሻውን እሷ ትየው» አሉ። «ካልጣማት ጎዶሎውንም ሙሉውንም አጥፊው። ሁለተኛ መዋረድ አልፈልግም።»

ለአዴ ብርቂ ደወልኩ። ቅዳሜ ለገበያ እመጣለሁ አለች። እሳቸውም ሲዲውን ትተውልኝ ሄዱ።

ዐርብ

ሥራ እጄ ላይ አልረጋ አለ። አንዱ መዝሙር ሲለኝ ድብድብ ጭኜለት ተመልሶ መጣ። ሲዲውን ለማየት እጄን በላኝ፤ ግን አብረን እንየው ብዬ ተውኩት። ፊልሙን ማጣት አልፈልግም።

ቅዳሜ

አዴ ብርቂ ከእህቷ ጋር መጣች! ከዚያች እህቷ ጋር! ሁለቱ አንዲት አግዳሚ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ታሪኩን በስልክ ነግራት ኖሯል። ባርሲሳ ደጅ ቀሩ፤ ስልክ የሚያወሩ መስለው በሩ ሥር ቆሙ።

ሲዲውን ከተቆረጠበት ቦታ ጀመርኩላቸው። ታናሽየው መጋረጃውን ከፈተው። የታላቅየው ወንበር ባዶ ነው። ዞር ሲል ታላቁ በደጅ ዞሮ መጥቶ፣ ከታናሽየው ደንበኞች ጋር ወረፋ ይዞ ተቀምጧል!

እህትማማቾቹ ሳቁ፤ እየተጎሻሸሙ፣ እንባቸው እስኪወርድ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ጎድሎብኝ ነው የኖርኩት? አላህ ይስጣቸው።

ደጅ ወጣሁ። ባርሲሳ ስልኩን ገልብጠው ጆሯቸው ላይ ይዘውታል።

«ሳቁ» አልኳቸው።

«ሰማሁ። ያኔ ሲኒማ ቤት ከኋላ ቆሜ ነበር። እዚህ ጋ ሲደርስ አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ሁለተኛ ካሜራ አልነካሁም።»

«ዘይቱና!» አለች አዴ ብርቂ ከውስጥ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልን እንጂ፤ እህቴ ገና አላየችውም!»

ጀመርኩላቸው። ባርሲሳ ቀስ ብለው ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። ማን መሆናቸውን አልተናገርኩም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

«አባቴ፣ ዞር ይበሉልን፤ አልታየንም» አለቻቸው አዴ ብርቂ።

ዞር አሉላት።