ቅዳሜ የተጠራው ስብሰባ

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ። የራሴ ፊርማ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት፣ ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ፦ «የአይሁድ ጥናት ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።» ቅዳሜ!

የውጭ ገምጋሚያችን መምህር አለልኝ ጎንደር ሆነው ስልኩን አንስተው «ልጄ፣ ቅዳሜ ነው ያልሽኝ?» ሲሉኝ እንኳ አልገባኝም። «አዎ፣ ምሳም አለ» አልኳቸው። በቀስታ፣ «እኔ እኮ ቤተ እስራኤል ነኝ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሰንበታቸው ሳነብ ኖሬ! ለተማሪ በማድለው ጽሑፍ እንኳ አለ፤ እሳት አይነድም፣ መንገድ አይኬድም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ አሰላ፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ግምገማ ሁሉ ቅዳሜ ነው፤ አዳራሽ የሚገኘው ያን ቀን ነው። እጄ ለምዶ ጻፈው።

ያለ እሳቸው አይሆንም። የውጭ ገምጋሚ ያልፈረመበትን ሴኔቱ ሰኞ አያየውም። ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ ዘንድሮ ካላለፈ ፋይሉ እንደሚዘጋ ዲኑ በግልጽ ነግሮኛል።

ረቡዕ

ዲኑ፦ «ሳምንቱን ሁሉም ፈተና ላይ ነው። ከቅዳሜ ሌላ ቀን ካገኘሽ አምጪው።» የቀረው እሑድ ብቻ ነው። ገምጋሚዎቹን አንድ በአንድ ስለምን ዋልኩ።

ከድር፣ የዐረብኛ መምህሩ፣ ሰነዱን አብሮኝ የጻፈው — ሳልጨርስ እሺ አለ።
የቋንቋዋ መምህርት — ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ።
የሶሲዮሎጂው — ምሳ አለ ወይ? አለ።
የጂኦግራፊው — የልጁ ክርስትና ነው። ለመንኩት። አልሆነም። የሚስቱን ስልክ ተቀበልኩ።

ሐሙስ

ተሳካ! እሑድ ስምንት ሰዓት። የጂኦግራፊው ሚስት «አንቺም ድግሱ ላይ ብቅ ካልሽ እለቀዋለሁ» አለችኝ። ዲኑ አዲሱን ደብዳቤ እያነበበ፣ «ለመሆኑ የምታስተምሪውን ታነቢያለሽ?» አለኝ። ይገባኛል።

ሌላ ጣጣ፦ ምሳ። እኛ እንደ ልማዳችን ከክርስቲያንና ከሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ እናስመጣለን። መምህር አለልኝ ሁለቱንም አይበሉም። ከድር ሳቀብኝ፤ «ዛሬ ገና አንቺና እኔ እኩል ሆንን!» ሥጋው ተሰረዘ፤ ሽሮ ሆነ። የሶሲዮሎጂው እንዳይሰማ።

ዓርብ

ልቤ እስካሁን አልተመለሰም። የዩኒቨርሲቲው መኪና መምህር አለልኝን ከአዲስ አበባ ይዞ ሲመጣ ኢተያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ትርፉም ጎማ የተነፈሰ ነው። ጎሚስታው እስኪገኝ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ጎማው ገና አልተሠራም። ሾፌራችን ጋሽ ቱፋ ደወለልኝ፤ «ዋዮ! ሽማግሌው ቦርሳቸውን አወረዱ እኮ። ጎማው ከተሠራ አሰላ ግማሽ ሰዓት ናት ብላቸው፣ ፀሐይዋን አይተው ‹ሰንበት ሊገባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት የለኝም› አሉኝ።»

የማያውቁት ከተማ፣ አስፋልት ዳር፣ በዚያ ዕድሜ። አፍረውብን ይመለሳሉ ብዬ ማልቀስ ቀረኝ።

ከድር ኢተያ ላሉት እናቱ ደወለላቸው። እማማ ዘሃራ «ምን ይበላሉ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ነገራቸው። ቤታቸው አስገብተው፣ አዲስ ድስት ገዝተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቁላል ቀቀሉላቸው። ማብራሪያ አልፈለጉም። እኔ ሦስት ዓመት ያነበብኩትን እሳቸው በአንድ ስልክ ጨረሱት።

ቅዳሜ

በጠዋት ታክሲ ይዤ ኢተያ ሄድኩ። መምህር አለልኝ ነጭ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። «ሰነዱን መንገድ ላይ አነበብኩት» አሉኝ። ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ። «የሥራ ወሬ ነገ።» በቃ!

ቀኑን ሙሉ ከእማማ ዘሃራ ጋር ስለ ስንዴና ስለ ጉልበት ሕመም ሲጨዋወቱ እኔ ውስጤ እያረረ ፈገግ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን አገባሽ? ወገንሽ አይደለንም።»

እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክ ሳስተምር፣ አንዲት የሲሬ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ አሁንም አሉ?» አለችኝ። «ሄደው አልቀዋል መሰለኝ» ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርኩ። ሳያጣሩ መመለስ ከመምህር አይጠበቅም። ሁሉም ነገር ከዚያ ነው የጀመረው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

እሑድ

መምህር አለልኝ አልፈርምም አሉ።

አምስታችን ተደርድረን እንደተቀመጥን፣ ሰነዱን በእጃቸው ወደ እኔ ገፉት። «እዚህ ውስጥ የጥንቶቹ አሉ። የሄዱት አሉ። የቀረነው የለንም። እናቴ የተቀበረችው ጎንደር ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። የለህም የሚለኝ ወረቀት ላይ እንዴት ልፈርም?»

ሦስት ዓመት! ልጮህ አፌን ስከፍት ከድር በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ይባረክ። ሰነዱን ገለጥኩት፤ እውነታቸውን ነው። ለዚያች ልጅ የሰጠኋትን መልስ በኮርስ በኮርስ ከፋፍዬ ጽፌዋለሁ።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፣ ክርስትና ያለበት እንኳ። ስለቀሩት ሁለት ኮርስ ጨመርን፤ ተማሪዎቹ እነሱ ዘንድ ሄደው የሚሰነብቱበት የመስክ ሥራም አስገባን። ሲመሽ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ነው ሽሮው የቀረበው፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሁላችንም በላን። ድግሱን ረሳሁት። የጂኦግራፊው ሚስት አትለቀኝም።

ሰኞ

ሴኔቱ ፊት ቆምኩ። አንዱ አባል ገና ሳልጀምር፣ «ሰዎቹ እኮ ሄደው አልቀዋል። ተማሪው ማንን ሊያጠና ነው?» አለ። የእኔው አፍ፣ ከሦስት ዓመት በፊት።

ለማብራሪያ ተጠርተው ከኋላ የተቀመጡት መምህር አለልኝ ተነሡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ነው የተነሡት፤ አዳራሹ ጠበቃቸው።

«እኔን» አሉ። ተቀመጡ።

አለፈ። ግን በቅድመ ሁኔታ፦ እስከ መስከረም የዕብራይስጥ መምህር ካልተገኘ ተማሪ አንቀበልም። አሰላ የሚመጣ የዕብራይስጥ መምህር ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ነገ እጨነቅበታለሁ።

የሲሬዋ ልጅ ተመርቃ በቆጂ ታስተምራለች። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት።

«አሉ» አልኳት።

«እነማን፣ መምህርት?»

ረስታዋለች። ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።