በብዙ ዓይን የተጠበቀ

ለወንድም ጋሼ፣

ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ጎንህን አሳርፈህ ትተኛለህ? የእማዬስ ጉልበት ከዚያ ዳገት ጋር ተስማማ? "እኔ ደህና ነኝ" ብሎ መጀመር ደንቡ ነበር፤ አንተን ዋሽቼህ ስለማላውቅ ግን አልጀምርም። እንቅልፍ ካጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራ፣ ምን ላድርግ፣ ወረቀት ላይ ወደቅሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። እማዬ "ምን አለች?" ብላ ከጠየቀችህ "ናፍቃናለች" በላትና እለፈው።

የብሮሸሩን ነገር ታውቀዋለህ። አልጋ ላይ ሆነህ "አንቺ ሥዕልና ፊደል ታውቂበታለሽ፣ ክሊኒኮች ሁሉ ጠብታን እንዲያውቁት አንድ የሚያምር ብሮሸር ሥሪልኝ" ስትለኝ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ታናሻችንን ከልክ በላይ በሰጧት መድኃኒት ካጣናት ወዲህ ሰባት ዓመት ጎብጠህ የሠራኸው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነርሷ የሕፃኑን ኪሎ ታስገባለች፣ ጠብታ መድኃኒቱን ስንት ሚሊ ሊትር እንደምትሰጠው ይነግራታል፤ ያውም በነፃ። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ይኼን ይዤ ነው የፊት ገጹ ላይ በትልቁ "በብዙ ዓይን የተጠበቀ" ብዬ የጻፍኩት። ኮራሁበት እኮ! ለማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት፤ በመጨረሻ "እመቤቴ፣ ገባኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት" አለኝ።

ውስጡ ላይ ደግሞ አብረውህ የሚሠሩትን የአሥራ አንዱንም ፎቶ ላስገባ ፈለግሁ። የአሥሩ መጣ። አንዱ ጺሙ እንደ ቁጥቋጦ፣ አንዷ ከነድመቷ። የቀረው፣ ሲሠራ ስለማይታክተው ሁላችሁ "ንብ" የምትሉት ነው፤ ስትታመም፣ አዲስ ቅጂ ከሚወጣባቸው ሁለት ቁልፎች አንደኛውን ያስረከብከው። ፎቶ ብለምነው "እኔን ተዪኝ፣ ሥራዬ ይናገር" ብሎ ጻፈልኝ። ትሕትናው ደስ አለኝ። እንግዲያውስ መልኩን የሚያውቅ ሰው ይንገረኝና እሥለዋለሁ ብዬ ጥየቃ ጀመርኩ። ባለ ድመቷ "ባለ ጺሙ ያውቀዋል" አለች። ባለ ጺሙ ከአሥሩ አንዱ ወደሆነው ጡረተኛ አስተማሪ ላከኝ። አስተማሪው "እሱን የሚያውቀው ወንድምሽ ነው" አለኝ። አንተ ደግሞ ባለፈው በደብዳቤ ስጠይቅህ "ባለ ድመቷ ናት ያመጣችው" ብለኸኛል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጥያቄዬን ቀየርኩት፦ የንብን ኮድ አንብቦ የሚያጸድቀው ማነው? መልሱ እንደዚያው ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ተመለሰ። እያንዳንዱ "ሌላው አንብቦታል" እያለ ነው ለካ የሚያጸድቀው። ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ሰው ሥራ ያየ አንድ ዓይን እንኳ የለም!

አስተማሪውን አፈር ስሆን ብዬ ለመንኩት። ሦስት ቀን ተቀምጦ አነበበ። በአራተኛው ቀን ሲደውል ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ። አሁን ክሊኒኮቹ የሚሠሩበት ቅጂ ንጹሕ ነው አለኝ፤ ሊወጣ በተዘጋጀው በአዲሱ ቅጂ ውስጥ ግን የተደበቀ በር አለ። ሩቅ የተቀመጠ ሰው በዚያ በር ገብቶ ነርሷ የምታየውን ቁጥር ሊቀይረው ይችላል። ሦስት ሚሊ የነበረው ሠላሳ ይሆናል ማለት ነው። ተሳስቶ ይሆን እንዴ ስለው "የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ቀብሮ ሣር አይተክልበትም፣ ልጄ" አለኝ። ለምን እንዳደረገው እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ። ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። መዝጋቢው የሰውዬውን ስም ጠየቀኝ፤ "ንብ" አልኩት። መልኩን ሲጠይቀኝ አይቼው አላውቅም አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሻዩን መጠጣት ቀጠለ።

ይኼ ቅጂ ወደ ክሊኒኮቹ እንዳይወጣ የያዘው አሁን ያንተ ቁልፍ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ካልተገናኙ ምንም ነገር አይወጣም፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። እንዳትጮህ፣ ሳልህ ይነሳብሃል። ብሮሸሩን ስሠራ ንብ በየቀኑ ይጽፍልኝ ነበር። ፊደል አረመልኝ፣ ቀለም መረጠልኝ፣ አሞገሰኝ። እውነቱን ልንገርህና፣ አንተ በሰባት ዓመት ያላልከኝን እሱ በሰባት ቀን አለኝ። ሰው የሚያምነው ሰውን ነው፣ የመሥራቹን ታሪክ ጻፊ፣ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚውል ጻፊ አለኝ። ጻፍኩዋ! የምታገግምበትን ቤት ስም፣ ተራራውን፣ የክፍልህ መስኮት ወደየት እንደሚያይ ሳይቀር። ከፎቶህም ሥር "ታሞ እንኳ የጠብታን ቁልፍ ከአንገቱ አያወልቅም" ብዬ፣ ያቺን ጣት የማታህል፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ ቁልፍ በቀይ ከበብኳት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው። ሁለት ሺህ ታተመ፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። አንዱንም ሳልበትን ክፍሌ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ግን ምን ያደርጋል፣ እሱ ገና ሳይታተም አንብቦታል። የዕቃ መኪናው ወደ እናንተ የሚወጣው በየስንት ቀኑ እንደሆነም ጠይቆኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብዬ መልሼለታለሁ።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ቁልፉን ስበረው። በድንጋይ ቀጥቅጠው። ከዚያ በኋላ ጠብታ ላይ አንዲት ፊደል እንደማትጨመር፣ እዚያው ባለበት እንደሚቀር አውቃለሁ። ልፋትህን በገዛ እጅህ ግደለው እያልኩህ ነው፤ ይኼን ስጽፍልህ እያለቀስኩ ነው። ቢሆንም የማንንም ሕፃን ሳይነካ ይቆማል።

እስካሁን ያለውን የጻፍኩት መኪናው የሚነሣበት ግቢ ውስጥ፣ ሾፌሩ ጭኖ እስኪጨርስ ድረስ ነው። አሁን ፖስታውን ሊቀበለኝ መጣ። ፊቱ በርቶ፣ እድለኛ ነሽ፣ የወንድምሽ የሥራ ባልደረባ ዛሬ አብሮኝ ይወጣል፣ እሱ በእጁ ያደርስልሻል አለኝ። በመስኮት አየሁ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ብሮሸሬን ያነባል። የታተመውን፣ ወንድም ጋሼ! የክፍሌ ቁልፍ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ቀና አለና እጁን አነሣልኝ። ፊቱ የማንም ሰው ፊት ነው፤ ነገ መንገድ ላይ ባየው አልለየውም።

ምን ብዬ ላስወርደው? ሾፌሩ በጨዋነቱ ተማርኮ አልቋል፤ ጆንያ አብሮ ጭኖለታል። እኔም እሄዳለሁ ስለው ጋቢናው ሞልቷል፣ ጭነቱ ላይ ከሆነ ውጪ አለኝ። እሺ አልኩ።

ይህን ደብዳቤ በዚሁ መኪና ለእማዬ በምልከው ዱቄት ውስጥ እቀብረዋለሁ። ዕቃ ሲደርሳት ሳትቀመጥ ፈትታ እጇን እስከ ክንዷ እንደምትከት አውቃታለሁ። ስታወጣው እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ከሆነ ሳቁብኝ፤ ዕድሜ ልኬን ተሳለቁብኝ፣ አልቀየማችሁም። አጠገባችሁ ከሌለሁ ግን፣ የት እንደቀረሁ እንግዳውን አትጠይቁት። መጀመሪያ ቁልፉን ስበር።

ፈጣሪ ደረትህን ይጠግንልህ። እማዬን ያቆይልን። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ያቺ ለፍላፊ እህትህ