ለአስካለ መታጠቢያ ቤት ባለሙያ ስመርጥ

ሚያዝያ 6፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አስካለን ደግፌ ከግቢው ሽንት ቤት መለስኳት። ደረጃው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ላይ አረፍን። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በቀን አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ነን። ወገቤ አልቋል።

ልጃችን ሰናይት ትናንት ቁርጡን ነገረችኝ። ክረምት ሳይገባ ሽንት ቤቱና መታጠቢያው ወደ ውስጥ ካልገባ እናቷን ወደ ኮንዶሚኒየሟ ትወስዳታለች። እኔን ና አላለችኝም። ብትለኝም ከራጉኤል ጀርባ ንቅንቅ አልልም፤ ታውቃለች።

ስለዚህ ባለሙያ ሊመረጥ ነው። ፕላኑን ግን እኔው ሠራሁት፤ ይኸው፣ ደብተሬ፣ አንተው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ። ከወጥ ቤቱ ጎን ያለው ጓዳ መታጠቢያ ይሆናል። ስፋቱ ሁለት እርምጃ፣ ማለትም 2 ሜ.። ጨርቅ ስነግድ መጋዘን የምከራየው በእርምጃዬ ለክቼ ነበር። አንድ እርምጃ አንድ ሜትር። ተሳስቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 9

የመጀመሪያው መጣ። ጎረቤቴ ሐጂ ከድር የላከው ነው። በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት። ፕላኔን አይቶ ጋሼ እርስዎ ቢማሩ ኖሮ የት በደረሱ አለኝ። ሳይለካ ወጣ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ከሄደ በኋላ ደስታው አልቆየም። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ሚያዝያ 14፣ ከሰዓት

ሁለተኛው። ሶማሌ ተራ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው። ጫማውን ሳያራግፍ ቤቱ ይፍረስ አለ። ታች ሱቅ፣ ላይ ሁለት ፎቅ። እስከዚያ አስካለ የት ትቆይ አልኩት። ቤት ተከራዩ አለ። ሻይ እንኳ ሳልጋብዝ ሸኘሁት።

ሐጂ ከድር ሳቀብኝ። «ባለሙያ ነው ወይስ አማች ነው የምትመርጠው?»

 ደክሞኛል።

ሚያዝያ 19

ሦስተኛዋ ሴት ናት። መቅደስ፣ አርክቴክት። ቢሮዋ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ። ፕላኔን ተቀብላ አጥፋ ያዘችና በቀጥታ ወደ አስካለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በየትኛው ጎን እንደምትነሳ፣ በየትኛው እጇ እንደምትደገፍ ጠየቀቻት። አስካለ ለእኔ ያልነገረችኝን ለዚህች ልጅ ነገረቻት። ከምሳ በኋላ ውኃ አትጠጣም። እኔን ደጋግማ ላለማስነሳት።

እዚያው ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ሜትር አውጥታ ጓዳውን ለካች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሜትር ያሉት አንድ ሜትር ከአርባ ነው። እርስዎ ደግፈዋቸው አብረው መግባት አይችሉም።»

የሚበቃው የእኔ ክፍል ብቻ ነው አለች። መጻሕፍቴ ያሉበት። አስተማሪ ሳይኖረኝ ፊደል የቆጠርኩበት። በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት አንቺ ነሽ የምትለኪልኝ ብዬ በሩን አሳየኋት።  ለአስካለ «እማማ፣ ውኃዎን ይጠጡ» ብላ ወጣች።

ሚያዝያ 20

አኩርፌ ዋልኩ። አስካለም። ከምሳ በኋላ ውኃ ሰጠኋት፤ ከንፈሯን አስነክታ መለሰችው።

ሚያዝያ 21፣ 10 ሰዓት

ከሐጂ ከድር ሱቅ ሜትር ተዋስኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አስካለ ስታሸልብ ጓዳው ውስጥ ተንበርክኬ ለካሁ። አንድ ከአርባ። ደገምኩት። አንድ ከአርባ።

ከዚያ በጠመኔ የራሴን እርምጃ መሬት ላይ አሰመርኩ። ሰባ ሳንቲ ሜትር።

መቼ እንዲህ እንዳጠረ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ምን ብሎ ይንገረኝ።

ሚያዝያ 23

ለመቅደስ ደወልኩ። ይቅርታ አላልኩም፤ እሷም አልጠበቀችም። ሥራው ያንቺ ነው፣ በእጄ ያቆምኩትን የክፍሌን ምሰሶ ግን እንዳትነኪ አልኳት። እሺ አላለችም። አየዋለሁ አለች። ይህን ወደድኩላት።

መጻሕፍቱን እያወጣሁ ነው። አስካለ ከአልጋዋ፣ እንግዲህ የት ልታነብ ነው ትለኛለች። እዚሁ አጠገብሽ አልኳት። ስታነብ ታጉረመርማለህ፣ አታስተኛኝም አለች። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በግድግዳው ስትሰማኝ ኖራለች።

ሁለት መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ክፍሉ ካሰብኩት ያነሰ ነው። ለሁለት ሰው ግን ይበቃል።

ነገ ሰናይት ስትመጣ የምነግራት አጭር ነው። እናትሽ የትም አትሄድም። ሌላውን እሷው ታየዋለች። አሁን አስካለ ውኃ አምጣልኝ እያለች ነው።