እርቅ የማያበርደው ቱቦ

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላስ ቬጋስ

ለአብሮነት የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
ለቦርዱ ሰብሳቢ ለክቡር አቶ ዋለልኝ

ጉዳዩ፦ እናቴን ያቃጠለው የአዳራሹ ማሞቂያ ቱቦ ሳይቀየር ቦይለሩ እንዳይለኮስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የማኅበሩ አባል ስሆን፣ በአንድ ካዚኖ የማሞቂያው ውሃ በሚፈላበት የቦይለር ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም። ክቡር ቦርዱ ስለ ቱቦ ሲመክር፣ ቱቦ የሚያውቅ ሰው መጥራት ክብሩን የሚቀንስ ስለመሰለው ነው።

1. ባለፈው ኅዳር የአዳራሹ ማሞቂያ የመዳብ ቧንቧ ሲያፈስ፣ አባላችን አቶ አስማማው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ በነፃ አምጥተው ዘረጉ። እሳቸው የሚተዳደሩት በግሪን ቫሊ ሰፈር የሰው ጓሮ ማጠጫ በመዘርጋት ነው፤ ቱቦውም ከዚያው የተረፈ ነው። ቦርዱ ልግስናውን እንጂ ቱቦውን አላየም። በጭብጨባ አጸደቀው። ጭብጨባ ውሃ የሚያበርድ ቢሆን እኔም አጨበጭብ ነበር፤ ግን ተነሥቼ ተቃወምኩ።

2. በተጣጣፊ ፕላስቲክ ማሞቂያ መሥራት ነውር የለበትም። ለዚሁ የተሠራ፣ ብረቱን የሚያዝግ አየር ወደ ውሃው እንዳይሰርግ ሽፋን ያለው፣ የሚችለው ሙቀትና ግፊት በላዩ ላይ የታተመበት ቱቦ በየሱቁ ይሸጣል። እሱም ቢሆን ሲሞቅ ስለሚረዝም መላወሻ ይተውለታል፤ ከቦይለሩ ጋር የሚገናኘውም በብረት ቧንቧ በኩል ነው። አቶ አስማማው የዘረጉት ግን ለቁልቋልና ለጽጌረዳ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ነው። በግድግዳችን ግርጌ የሚዞረው ውሃ መቶ ሰማንያ ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ለመፍላት ጥቂት የቀረው ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲባል ያደገ ቦርድ ሥራውን ለለጋሹ ሰጠ። ይህን ሁሉ ለቦርዱ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ።

3. የቦርዱ መልስ ሦስት ሽማግሌ ወደ ቤቴ መላክ ነበር። ስለ ቱቦው አንድ ቃል አላነሱም። «ከአስማማው ጋር ምን አጣላችሁ?» አሉኝ። አልተጣላንም ስላቸው፣ ቂሙ ከባድ ነው ብለው ደመደሙ። በመጨረሻ ሽበታቸውን አፍሬ ከአቶ አስማማው ጋር ተሳሳምኩ፤ የወንድሜን ሥራ ከእንግዲህ አልነቅፍም የሚል ወረቀትም ፈረምኩ። በዚህ ፊርማ ራሴን ንቄያለሁ። ቃለ ጉባኤያችሁ «የማሞቂያው ችግር በእርቅ ተፈትቷል» ይላል። ይህን ሳይስቁ የጻፉትን ጸሐፊ አደንቃለሁ። ማንም ግን ቱቦውን ሄዶ አላየውም።

4. እናቴ ወይዘሮ ወርቅውሃ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከማኅበሩ አረጋውያን ጋር አዳራሹ ውስጥ ይውላሉ፤ እግራቸውን ስለሚበርዳቸው ከማሞቂያው አይርቁም። ቱቦው እንደተዘረጋ ለምኛቸው ወንበራቸውን ወደ መሃል አርቀው ነበር። መታረቄን ሲሰሙ ግን እልል ብለው ወደ ቦታው መለሱት። ጥር 15 ቀን ቱቦው ከመጋጠሚያው ተላቀቀ፤ ውሃው ግራ እግራቸው ላይ ፈሰሰ። እስከ ዛሬ ሆስፒታል ተኝተዋል።

5. ከዚህ በኋላ አቶ አስማማው ያንኑ ቱቦ በሌላ ማሰሪያ አጥብቀውታል። በማኅበሩ የስልክ መልእክት ግሩፕ ላይም «ሂተሩ ፊክስ ተደርጓል፤ ሐሙስ ሁላችሁም ኑ» ተብሎ ተለጥፏል። ሽማግሌዎቹም ትናንት ሆስፒታል መጥተው፣ ከአቶ አስማማው ጋር እንደገና ሊያስታርቁኝ ቀጠሮ ጠየቁኝ። አልሰጠኋቸውም።

ስለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ተገቢውን ቱቦ እስኪዘረጋ ድረስ ቦይለሩ እንዳይለኮስ፣ የአረጋውያኑም ወንበር ዛሬውኑ ከግድግዳው እንዲነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእርቅ ፊርማዬም ከመዝገባችሁ ይሰረዝልኝ። በአቶ አስማማው ላይ ቂም የለኝም፤ ድሮም አልነበረኝም። እናቴ ግን ወደዚያ ግድግዳ የተመለሱት ፊርማዬን አምነው ነው።

ከሐሙስ በፊት መልስ እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ማቲዎስ ተፈሪ
ከአሊያንቴ ሰፈር