የተሰረዙት ቁጥሮች

ልደታ፣ ጥር 9 ቀን 2018

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ቡታጅራ ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉ ሰላም ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ የማይወጣኝ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩልሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባዬ ደህና አይደለም። ከታኅሣሥ ወዲህ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፤ አንደበቱም ተይዟል። የቅዳሜ ተማሪዎቹን መበተን አልሆነልኝምና እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ውስጥ እንግሊዝኛውን እኔ ያዝኩ። የማስተምረው ከእሱ ደብተር ነው። ታውቂው የለ፣ ተቀራራቢ ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ባለፈው ቅዳሜ «ሲንስ» እና «ፎር» ላይ ደረስን። «ሲንስ» ነገሩ የጀመረበትን ጊዜ ይፈልጋል፣ «ፎር» ደግሞ የቆየበትን ልክ፤ ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ምሳሌዎቹን ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። አንዱ፣ ባለቤቴ ከሰኔ ሁለት ሺህ ስድስት ጀምሮ እዚህ ቤት የለችም፣ ይላል። ሌላው፣ ባለቤቴ ከቤት ከወጣች አንድ ዓመት ሆናት። አንዱ ተሰርዞ ሁለት፣ ሁለቱ ተሰርዞ ሦስት፣ እንዲህ እያለ በየዓመቱ በተለያየ እስክሪብቶ እስከ አስራ አንድ። ስለ ዝናብም ስለ አውቶቡስም መጻፍ ይችል ነበር እኮ!

ሩሃማ የምትባል ተማሪ፣ መምህራችን ለምን አዲስ ምሳሌ አይጽፉም ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

እማ፣ በወጣሽ ዓመት ደውለሽ ስሜን ያነሳል ወይ ብለሽኝ ነበር። አያነሳም አልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው። ከሥራ ሲገባ ደውላለች ወይ ሳይለኝ ጫማውን አያወልቅም ነበር። ለእሱም አልደወለችም እለው ነበር። ጥለሽኝ ስለሄድሽ ተናድጄ ነው፤ ገና አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በኋላ ደግሞ እውነቱን ማውጣት አፈርኩ፤ እናንተም ሁለታችሁ ኩሩዎች፣ አንዳችሁ ሌላውን አልጠየቃችሁ።

ሐኪሙ ሩቅ ያለ ዘመድ ካለ ጥሩት ብሎናል። ጠርቶሻል ብዬ ዳግመኛ አልዋሽሽም፤ መናገር አይችልም። የምጠራሽ እኔ ነኝ።

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ሰላሃዲን ነው። መኪና ይዟል፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ውጭ ይጠብቅሻል።

ሁለታችሁንም የበደልኩ ልጅሽ